ለእናቴ ቤት የሚሆን ካርድ

የወንድሜ ልጅ የሚኖረው ቡታጅራ፣ እናቴ ዘንድ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት በሚጠብቅበት ክረምት፣ አባቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ገዛለት። በማግሥቱ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ኮምፒውተሯ ጥሩ ናት፤ የጎደላት ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። ጂቲኤ 5 የሚያጫውት፣ ብሌንደርም በደንብ የሚያሠራ ፈልግልኝ። ግን ድምፅ እንዳይኖረው፤ እማማ ይነቃሉ።» የልጁን ጠረጴዛና የእናቴን አልጋ የሚለያቸው አንድ የችፑድ ግድግዳ ነው። እናቴ ደግሞ በጊዜ ትተኛለች፤ እንቅልፏም ቀላል ነው።

ጥያቄው ደስ አለኝ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ጨዋታው ጥራት እንጂ ስለ አያቱ እንቅልፍ ሲጨነቅ ብዙም አይታይም። እኔ ያለሁት ወልቂጤ ነው። ወደ አዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዕቃ አይጠፋም ብዬ ፍለጋውን ጀመርኩ።

በቅድሚያ ያሰብኩት መብራቱን ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። የጊቤና የኦሞ ተፋሰስ ለአገሪቱ ጊቤ 1ን በ184፣ ጊቤ 2ን በ420፣ ጊቤ 3ን በ1870 ሜጋ ዋት አበርክቷል። ኃይሉን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሠፈር ድረስ ሳይቆራረጥ ማድረስ ግን ሌላ ነው። አመሻሽ ላይ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ከዚያ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል።

ኃይል ቆጣቢ ካርድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የወሩን ሂሳብ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ በሚስብበት ቤት፣ ከካርድ ላይ የተቆጠበ 100 ዋት በቆጣሪው ላይ ጎልቶ አይታይም። ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው። በየኮምፒውተር ቤቱ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው፤ ባትሪው ካረጀ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 300 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር እንዲህ ባለው ዩፒኤስ ላይ መብራቱ በሄደበት ቅጽበት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። 130 ዋት የሚወስደው ግን የተሠራውን ሴቭ አድርጎ በሰላም ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ካርዱን ከጨዋታው ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ጀምሬ ለመምረጥ ወሰንኩ።

ወልቂጤ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ስነግረው ትርፍ ካርዱን አወጣልኝ፤ አርኤክስ 580፣ ባለ 8 ጊጋ። ዋጋውም እንደ ስጦታ የሚቆጠር ነበር። ይህ ካርድ ክሪፕቶ በማምረት ሥራ ከተለፋባቸው አንዱ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ መስከረም 2015 ላይ አሠራሩን ቀይሮ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። አርኤክስ 580 ጨዋታ ላይ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን 185 ዋት ይፈልጋል። ማንኛውም ካርድ ከማዘርቦርዱ ስሎት የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ፣ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ በባለ 8 ፒን ገመድ መሳብ አለበት። የልጁ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጠቅላላ አቅሙ 290 ዋት ነው፤ እንዲህ ያለ ገመድም የለውም።

ጓደኛዬ «እሱማ ቀላል ነው፤ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ በማገናኛ እንወስዳለን፤ የኔም የሚሠራው እንደዚያው ነው» አለኝና የራሱን ኬዝ ከፈተ። ጎንበስ ብለን አየን። ነጭ የነበረው መሰኪያ ጫፉ ቡና መስሏል፤ ፕላስቲኩ ሟሙቶ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል፤ ሲነካም የተቃጠለ ሽታ አለው። የሃርድ ዲስክ መሰኪያ በ12 ቮልቱ መስመር የተሠራው ለ54 ዋት ነው። በዚያ ላይ ከመቶ ዋት በላይ ሲጎተትበት ቀስ በቀስ ይበስላል። ጓደኛዬ ያንኑ ዕለት ኮምፒውተሩን ዘግቶ በቂ ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ ሄደ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ካርዱን አመስግኜ መለስኩለት። የችፑድ ግድግዳ ባለበት፣ አንዲት እናት በተኛችበት ቤት እንዲህ ያለ ገመድ አይገባም።

ከዚያ በኋላ መስፈርቱን በግልጽ አስቀመጥኩ፦ ከ75 ዋት የማይበልጥ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ። ከእነዚህ መካከል ብዙ ሰው የሚያውቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ተገዝቶ ተላከልኝ። ሣጥኑ አዲስ ነው፤ ካርዱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም 1050 ቲአይ ይላል። ወደ ቡታጅራ ከመላኬ በፊት ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒውተር ለሚጠግን ተማሪ አሳየሁት። ልጁ ገና ሳይሰካው ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄን ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ያዩታል? የ1050 ቲአይ ቺፕ ቪጂኤ አያወጣም። ይሄኛው ደግሞ ባለ 6 ፒን ገመድ ይለምናል።» ከራሱ ማሽን ጋር አገናኝቶ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ሲከፍት፣ በካርዱ ስም ፊት «የሐሰት» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ውስጡ ያለው በ2011 እንደ አውሮፓውያን የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነበር፤ ባዮሱን ለውጠው ስሙን ያስዋሹት። ኃይሉም 116 ዋት፤ ከተባለው በጣም የበለጠ፣ ሥራው ግን በጣም ያነሰ።

ሻጩ «ከኔ ሱቅ አልወጣም» አለ። መርካቶ የሚነግደው የአክስቴ ልጅ ግን ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባም። ካርዱን ይዞ ሄዶ፣ ከሻጩ አጠገብ ለረጅም ዘመን የነገዱ አንድ አባት ፊት አስቀመጠውና የሆነውን አስረዳ። እሳቸውም ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ፤ ገንዘቡ ተመለሰ። መርካቶን ያቆመው እንዲህ ያለው መተማመን ነው፤ በአንድ ካርድ ምክንያት ሲሸረሸር ማየት ያማል።

ፍለጋው እየረዘመ ሳለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። በጣም የወደድኩት አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነበር። ጥር 2016 የወጣ፣ 70 ዋት ብቻ የሚወስድ፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራ፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ። ጂቲ 1030 በ30 ዋት ይሠራል፣ ሆኖም በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ካርዶች አሉ፤ በዲዲአር 4 የተሠራው በጂዲዲአር 5 ከተሠራው በእጅጉ ይዘገያል። አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ስለሆነ እንደ 9020 ባሉ የቆዩ ማሽኖች ላይ አቅሙን ያጣል። በመጨረሻ የረጋነው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ላይ ነው፤ ሚያዝያ 2011 የወጣ፣ 4 ጊጋ፣ 75 ዋት። አንዳንዱ 1650 ባለ 6 ፒን ቀዳዳ አለው፤ የእኛ እንዳይኖረው አስቀድመን በፎቶ አረጋገጥን።

ካርዱን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሲወርድ። በዚያ ሰሞን የጉራጌ መንገድ ሁሉ በሰው ይሞላል፤ እሱ ግን ከጉዞ ሻንጣው ለይቶ ጭኑ ላይ ይዞት መጣ። ክትፎው ከተበላ በኋላ ሰካነው፤ ጨዋታው ተከፈተ፤ የልጁ ፊት በራ። ሌሊት ግን ፋኑ መጮህ ጀመረ። ጠዋት እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊቱን እንደ ወፍጮ ሲያጉረመርም ነው ያደረው» አለችኝ።

ካርዱን ፈታነው። በብረት ክንፎቹ መካከል አቧራው ተጋግሯል፤ በብሩሽ አወጣነው። ቺፑ ላይ የደረቀውን ፔስት ጠርገን አዲስ ቀባን። ከዚያ የፋኑን መሐል የሸፈነውን ክብ ወረቀት በጥፍር ቀስ ብለን አነሳን፤ ከሥሩ ያለው ዘንግ ደርቋል። የእናቴን የስፌት መኪና ዘይት አምጥተን አንዲት ጠብታ ብቻ ጣልን፣ በጣት አዞርነው፤ መንቀጥቀጡ ቆመ።

የቀረው በሶፍትዌር የሚሠራ ነበር። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል ወደ 2100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ፋኑን ከማፍጠን ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ይሻላል። ቺፕ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ቮልቴጁን ትንሽ ዝቅ አደረግን፤ ሞኒተሩ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ስለማያሳይም ጨዋታውን 60 ላይ ገደብነው። ፋን ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ለጆሮ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ልጁ አሁን በብሌንደር የሚሠራው ጀፎረን ነው፤ ሣር የለበሰውን ሰፊውን የጉራጌ መንደር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ከተሰለፉት ጎጆዎቹ ጋር። ካርዱ ሌሊቱን ሙሉ ምስል ሲያወጣ ያድራል፣ ከችፑዱ ማዶ እናቴ ትተኛለች። ቀን ቀን ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ ታርመዋለች፦ «ምሶሶው እዚህ አይደለም፤ ከብቶቹ የሚያድሩት በዚህ በኩል ነው።» አንድ ምሽት ሥራ መሐል መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይዞት ቆየ፣ ፋይሉም ተረፈ።

ካርድ ለመግዛት ለሚያማክሩኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። የፓወር ሰፕላዩን ዋት አንብቡ፤ ዩፒኤሱን እዩ፤ ማታ አጠገቡ ማን እንደሚተኛ አስቡ፤ ከዚያ በኋላ የጨዋታውን ስም ጥሩ። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ኮምፒውተር ቤቶችም ልመና አለኝ። በምትሸጡት እያንዳንዱ ካርድ ላይ ዋቱን ጻፉበት፤ ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊትም ሰክታችሁ በጂፒዩ ዚ አሳዩት። ይህን የሚያደርግ ሱቅ ካለ የወንድሜን ልጅ ጓደኞች ሁሉ እኔ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ።