የዓባይ በረሃው ረዳት ባሕር ላይ

ሲያትል፣ ሐምሌ 12 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ደጀን

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንደ ወጉ ልጀምር ብዕሬን ሳነሣ እጄ እምቢ አለኝ። ከናፍቆትሽና ከሆድ ዕቃዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ደብዳቤውን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ መሆኗን አውቃለሁና ለእሷም አንድ አደራ አለኝ፦ የተዋረድኩበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ከሆነም በረካው ተጠጥቶ ሰው እስኪበተን ጠብቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምራትሽ የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት በመርከብ ሽርሽር ካላከበርን ብላ ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ከሲያትል አላስካ ደርሶ መልስ፣ ሰባት ቀን። አላስካ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1867 ከሩስያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዟት አገር ናት። የተራራው በረዶ እስከ ባሕር ድረስ ወርዶ እየተገመሰ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይጎርፋል። መርከብ ስልሽ ባሕር ዳር ያየሻትን ጀልባ እንዳታስቢ። ከአሥር ፎቅ በላይ ነው፤ ሊፍት አለው፣ መዋኛ አለው፤ የደጀን ገበያተኛ ከነአህያው ቢሳፈርበት ቦታ ይተርፋል።

ምራትሽ ነርስ አይደለች? ገና ሳንነሣ ሐኪሟን አስጽፋ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ ክብ ፕላስተር አመጣች። አንተም ለጥፍ አለችኝ። እኔን! ስድስት ዓመት በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መስመር ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ለውኃ ፕላስተር ይለጥፋል?

ያን ዘመን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ፌስታል የማድለው እኔ ነበርኩ። ማን መቼ እንደሚያስመልሰው ከፊቱ አነባለሁ። መጀመሪያ ያዛጋል። ቀጥሎ ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይውጣል። ከዚያ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ችፍ ይላል። ፊቱ አመድ ሲመስል ፌስታሉን እጁ ላይ አደርግለታለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም። ድልድዩ ጋ እስክንደርስ ግማሹ አውቶብስ ሎሚና ጤና አዳም እያሸተተ ሲያቃስት እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ እዘፍናለሁ። ጀግንነት መስሎኝ!

እናም ሳልለጥፍ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያው ምሽት ባሕሩ ግራና ቀኝ በደሴት የታጠረ ስለ ነበር የተነጠፈ አጎዛ ይመስል ነበር። እኔም አበዛሁት። ምግቡ በትኬቱ የተከፈለ ነው፤ ጥብሱ፣ የበጉ ቅልጥም፣ ኬኩ። የሰኔ ጾም መሆኑን አልረሳሁም፤ መንገደኛ ነኝ ብዬ ራሴን በራሴ ፈታሁ። ወይን ደረብኩበት። ክፍላችንን የመረጥኩትም እኔ ነኝ፦ አሥረኛው ፎቅ፣ የመርከቡ ፊተኛ ጫፍ፣ ሰገነት ያላት። ፊት የለመደ ሰው ፊት ይመርጣላ!

ወደ መኝታ ስናመራ አንድ ሠራተኛ ሊፍቱ አጠገብ ባለው መደገፊያ ላይ የወረቀት ከረጢት ሲሰካ አየሁ። ሲያትል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፌስታል የከለከለች ከተማ ናትና ለዕቃ መያዣ መሰለኝ። ጥቂት ሄጄ ግን ቆም አልኩ። የሰውየው የእጅ አጣጣል የማውቀው ነው። ረዳት ነው! ጎሐ ጽዮን ደርሰናል ማለት ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከወሽመጡ ወጥተን ሰላማዊ ውቅያኖስን ተቀላቀልን። ይህን ስም ያወጣለት ማጌላን የእኔ ክፍል ውስጥ አላደረም። ከቫንኩቨር ከተማ የሚነሡ መርከቦች ብዙውን ጊዜ በደሴቶቹ መካከል ስለሚያልፉ ውኃው ይታገሣቸዋል፤ ከሲያትል የሚነሡት ግን የቫንኩቨርን ደሴት በምዕራብ በኩል አልፈው ገላጣውን ባሕር ይይዛሉ። ይህን የሰማሁት ከወረድኩ በኋላ ነው።

አልጋው ተነሣ። ተነሥቶ ቆየና ወረደ፤ ሆዴ ግን እዚያው ላይ ቀረ። መርከቡ ወደ ጎን እንዳይንከባለል ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያሉ ብረቶች አሉት፤ ፊቱን ሲያነሣና ሲጥል ግን እነሱም ብዙ አይፈይዱም። ልጆች በረጅም እንጨት ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሲጫወቱ አይተሽ የለ? መሐሉ ብዙም አይነቃነቅም፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ግን ሰማይና ምድር ይመላለሳል። እኔ ጫፉን፣ ያውም ፎቁን፣ ገንዘብ ጨምሬ ነው የያዝኩት።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። አዛጋሁ። ምራቄን ዋጥኩ። ግንባሬ ላይ ላብ ችፍ አለ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ተሳፋሪ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ፌስታል ሳቀብለው ኖሬያለሁ። (የእህቴ ልጅ፣ እዚህ ጋ ነው ድምፅሽን ዝቅ የምታደርጊው።) አስመለሰኝ፤ አንዴም አይደለም። ጥብሱ ወጣ፣ በጉ ወጣ፣ ኬኩ ወጣ። የበላሁትን ሁሉ ስለ መለስኩ እንዳልገደፍኩ ይቆጠርልኝ እንደሆነ እስቲ የነፍስ አባትሽን ጠይቂልኝ።

ከዚያ መፍትሔ ልፈልግ ብዬ ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ባሕር ያወከው ሰው ምንም ነገር ማንበብ የለበትም የሚለው ጋ ስደርስ እንደገና ሮጥኩ።

ምራትሽ ጠዋት ተነሥታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቁርሷን በልታ ተመለሰች። የመተላለፊያው ሠራተኛ ግን የእኔን ፊት አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መርከብ ላይ ኖሮቫይረስ የሚሉት የሆድ በሽታ ከገባ ቶሎ ስለሚዛመት የታመመውን ሰው ክፍሉ ውስጥ ያቆዩታል። ተቅማጥም ትኩሳትም እንደሌለብኝ፣ የሚያመኝ መርከቡ ሲነሣና ሲወድቅ ብቻ እንደሆነ ምራትሽ ለመርከቡ ነርስ ቃሏን ሰጠች። በሃያ ዓመት ትዳር ስለ እኔ ስትመሰክርልኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መርፌ ወጉኝ። ዋጋውን አልነግርሽም።

እማዬ፣ ለካ ጥፋቱ የሆድ አይደለም፣ የጆሮ ነው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ግንበኛ የሚይዘውን ውኃ ልክ የመሰለ ነገር አለ፦ በእያንዳንዱ ጆሮ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ አጠገባቸውም ከአሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች። ራስሽ ሲዞርና ሲያዘነብል የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ክፍል ውስጥ ስትዘጊ ዓይንሽ ግድግዳውን አይቶ «ቆመናል» ይላል፤ ጆሮሽ «ኧረ እየወጣን እየወረድን ነው» ይላል። አንጎል እንደ ሽማግሌ መሐል ተቀምጦ ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ላይ ይፈርዳል። ለምን ሆድ ላይ? ትሬዝማን የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 እንደ ጻፈው፣ ዓይንና ጆሮ እንዲህ ሲጣሉ አንጎል ሰውየው መርዝ የበላ ስለሚመስለው ይውጣለት ብሎ ይሆናል። በነገራችን ላይ ውኃ ልኩ ጨርሶ የማይሠራለት ሰው በባሕር አይታወክም።

የጀግንነቴ ምስጢር የተገለጠልኝ ያኔ ነው። ረዳት የማያስመልሰው ሆዱ ብረት ስለሆነ አይደለም! በሩ ላይ ቆሟል፣ ንፋስ ይመታዋል፣ ዓይኑ ከፊት ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ኩርባውን ሳይደርስበት ያውቀዋል። ሾፌሩም እንደዚያው። እናንተ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቃችሁ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው፤ መስኮቱንም «ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ያዳነኝ ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ነው። አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት ይዞ መጣ፤ ትንሽ አስቀመሰኝና ደግፎ ታችኛው ፎቅ፣ ከመርከቡ መሐል ወዳለው ደጅ አወጣኝ። ሰማይና ባሕር የሚገጥሙበትን መሥመር በጣቱ አሳየኝና እሱን ብቻ እይ አለኝ። አየሁት። ቀስ በቀስ ሆዴ ቦታው ተመለሰ። የረዳት አምላክ ረዳት ላከልኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምራትሽ ታች፣ መሐል ላይ ሌላ ክፍል አስለወጠችልኝ። ነቢዩ ዮናስም ማዕበሉ ሲነሣ ከመርከቧ ታችኛ ክፍል ወርዶ ተኝቶ ነበር። መሸሹ ጥፋት ነው፤ የመኝታ ምርጫው ግን እንከን የለውም።

ስለ መድኃኒቱ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። የምራትሽ ፕላስተር ስኮፖላሚን ይባላል። ከመሳፈር አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ይለጠፋል፣ ሦስት ቀን ይሠራል፤ ከነካኩት በኋላ እጅን ሳይታጠቡ ዓይንን ማሸት ግን ብዥታ ያመጣል። አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ታማትቢያለሽ፦ አጥራችን ሥር የሚበቅለው፣ ልጆች እንዳይነኩት የምትነቅዪው አስተናግር ውስጡ ይኸው ቅመም አለበት። ሐኪም ለክቶ ሲሰጠው መድኃኒት፣ ከአጥር ሲለቀም ሰው የሚያሳብድና የሚገድል መርዝ ነው። ይህን ሁለቴ አንብቢላት። ስሙ አስተናግር ሆኖ ሳለ የምራትሽን አፍ ግን አድርቆ ሦስት ቀን ዝም አሰኛት።

ክኒንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ለአለርጂ ድራማሚን የታዘዘላት አንዲት ሴት በከተማ ባቡር ስትሄድ ያስቸግራት የነበረው ማቅለሽለሽ እንደ ተዋት ለሐኪሞቿ ነገረቻቸው። እነሱም በዚያው ዓመት አትላንቲክን በሚሻገር የወታደሮች መርከብ ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። አየሽ፣ የባሕሩ መድኃኒት የተገኘው ከየብስ ተሳፋሪ ነው! ነገር ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል፤ ሆድ ከታወከ በኋላ የገባ ሁሉ ተመላሽ ነው። እንቅልፍም ይጥላል። ዝንጅብል የረዳው አለ፣ ያልረዳው አለ፤ በሻይ አድርጎ መቅመሱ አይከፋም። የእጅ አንጓ ላይ የምትጫን አምባር ደግሞ ገዝቼ አሥሬ ነበር፤ ከክታብ ለይቼ አላያትም።

ለነገሩ ብቻዬን አይደለሁም። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ባሕር ላይ ሲዋጋ ኖሮም ማዕበል ያመው ነበር። ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ዓለምን ሲዞር ባሕሩን ሳይለምደው ተመለሰ፤ ሕመሙ ሲጠናበት ሆዱ የሚቀበለው ዘቢብ ነበር። እኔን በሁለት ቀኔ ለቀቀኝ። በረዶውንም አየሁት፤ ሲገመስ እንደ መድፍ ይጮኻል።

ከመርከብ ወርጄ ደግሞ ምድሪቱ ትወዛወዝብኝ ጀመር። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከጉዞ በኋላ ያለ ነው ብለውኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያዬን ተደግፌ ግራና ቀኝ ስል ያዩኝ አንድ መሪጌታ «አቋቋም የተማርከው የት ነው?» ብለው በአክብሮት ጠየቁኝ። አላስካ ነው ማለት አፈርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የዞርኩት ፈርቼ ነው። ዓይንሽን ልትታከሚ አዲስ አበባ የሄድሽው በእኔ አውቶብስ ነበር። ገና ከደጀን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነጠላሽ ውስጥ አስመለሰሽ። ፌስታል ይዤ ስመጣ ከኋላ አንዱ «ይቺ ሴትዮ የማን ናት?» አለ። አዲስ ጃኬት ለብሻለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ከማርቆስ የተሳፈሩ ሴት ተማሪዎች አሉ። «እኔ እንጃ፣ ከደጀን ነው የተሳፈረችው» አልኩ። ዶሮ አልጮኸም። አንቺም ሰምተሽ ምንም አላልሽም። አዲስ አበባ ስንደርስ ከሎሚሽ ግማሹን ሰጥተሽኝ ወረድሽ። መርከቡ ላይ ያን ሌሊት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ የሸተተኝ ያ ሎሚ ነው። ይቅር በዪኝ።

በመስከረም እህቴ ጋ እንደምትሄጂ ሰምቻለሁ። ፕላስተሩን አልላክሁልሽም፤ እንደ አንቺ የዓይን ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም፤ ክኒንም ቢሆን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ። ትኬቱ ቀደም ብሎ ይቆረጥልሽና ፊት ተቀመጪ፤ የኋላ ጎማ ላይ ያለውን ወንበር ቢሰጡሽ እንዳትቀበዪ። ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ቂጣ ቢጤ ቅመሺ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይንሽን ሩቅ መንገዱ ላይ ጣዪ፤ ከደከመሽ ጨፍነሽ ውዳሴ ማርያምሽን በቃልሽ ድገሚ። መስኮት የሚያዘጋብሽ ከመጣ የሐኪም ትእዛዝ ነው በይው። ረዳቱ «እማማ፣ የማን ነዎት?» ካለሽ ደግሞ የረዳት እናት ነኝ በይው።

ናፋቂ ልጅሽ