ራሱን ለመጉዳት ለቈረጠ ሰው የተጻፈ ምክር

ያለ ኮንዶም ሩካቤ ፈጽመህ ስታበቃ፣ ገና በለጋነትህ ጤናህን ለማጣት የቈረጥህ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዝም በል፤ ነገሩ የሆነው ዓርብ ሌሊት ከሆነም እስከ ማክሰኞ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አትበል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነውና፣ ማክሰኞ ጧት ወደ ጤና ጣቢያ ብትገሰግስ ጊዜው አልፎብሃል።

አብራህ የነበረችውን ልጅ ደግሞ ብቻዋን ወደ ፋርማሲ ስደዳት። ሌሎቹ ገዢዎች እስኪወጡ ድረስ የሳሙናና የቅባት ዋጋ ስትጠይቅ ትቆይ፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ፖስትፒል የሚለውን የድንገተኛ ጽንስ መከላከያ እንክብል ስም በሹክሹክታ ትናገር፤ ሻጩም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃት፤ እርስዋም አፍራ ባዶ እጅዋን ትመለስ። እንክብሉ እስከ 72 ሰዓት የሚወሰድ ሆኖ ሳለ በዘገየ ቍጥር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳልና፣ የአንዲት ቀን ኀፍረት ያልታሰበ ጽንስ ልታስከትል ትችላለች። (ይህን የምታደርስ ኀፍረት ከልጅቱ ይልቅ የእኛ የሁላችን ዕዳ ናት።) እስከ 5 ቀን ድረስም ሉፕ የተባለውን የማሕፀን ውስጥ መከላከያ በባለሙያ እጅ ማስገባት እንደሚቻል ማንም አይንገራት። በዚያ ፈንታ በሎሚና በሳሙና ውስጥዋን ትጠብ፤ ይህ ጽንስን አይከለክልም፣ ስሱን አካል አቍስሎ ግን ለደዌ በር ይከፍታል።

በማግሥቱ ተመርምረህ ነጻ ነህ ብትባል ደስ ይበልህ፣ ዳግመኛም አትመለስ፤ ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ ምርመራውም ከ3 ወር በኋላ ሊደገም እንደሚገባ አትስማ። የቂጥኝ ቍስል ሳያምም ወጥቶ በራሱ ጊዜ ሲጠፋም፣ በሽታው በደምህ ውስጥ ተሸሽጎ መቅረቱን ሳታስብ ራስህን እንደ ዳነ ሰው ቍጠር። ንስሓ ስለ ገባሁና ጸበል ስለ ተጠመቅሁ መድኃኒት አያሻኝም በል፤ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አንድነት እንዲወስዱ መክረው ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት በየሰፈሩ ሲደረግ ስላየሁት ነው፤ እለምናችኋለሁ፣ ሰዓቱን ቍጠሩ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።