ሚዩት ነዎት

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ የምትወርደው ደም ግፊት አንግታ ነው። የራሷን አይደለም፤ የእሷ ግፊት ከእኔ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከአንድ የሐኪሞች ጉባኤ ያመጣሁላት ጥቁር ቦርሳ ላይ «ደም ግፊት» የሚለው ቃል ከሩቅ እንዲታይ ተደርጎ ተጽፏል። ሽንኩርት ሻጮቹ ገና ከሩቅ «እማማ ግፊት መጡ» ይባባላሉ አሉ። ሌላ ዓመት ያመጣሁት የስኳር በሽታ ቦርሳም አለ፤ እሱ በርበሬ ይዞ ወፍጮ ቤት ይመላለሳል። ከተካፈልኩባቸው ጉባኤዎች ሁሉ እስካሁን ሳያቋርጡ ሕዝብ የሚያገለግሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ድሮ ጉባኤ መሄድ ማለት መሄድ ነበር። ለሁለት ቀን ስብሰባ ሦስት ሌሊት ተረኛ ሊሆኑ ለባልደረባ ቃል ይገባል፤ ዕዳው ሲመለሱ ይከፈላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳና ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ዐይናችንን ጨፍነን እናልፋለን፤ እኛ በእንቅልፍ፣ ሹፌሩ በእምነት። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ይቀሰቅሰናል። በማግሥቱ አዳራሹ ስንደርስ የክብር እንግዳው አልመጡም። 3 ሰዓት የተባለው መክፈቻ 4 ሰዓት ከሩብ ይሆንና የመጀመሪያው ተናጋሪ «ጊዜ ስለተጣበበ በአጭሩ» ብሎ 86 ስላይድ ይከፍታል። ከስላይዶቹ በፊት ግን ግድግዳው ላይ የሴት ልጁ የልደት ፎቶ ይመጣል፤ ሁላችንም ከልብ የምናየው እሱን ነው። የአበሉን ነገር እተወዋለሁ። አንዱ ፎርሜ እስካሁን ፊርማ ፍለጋ እየዞረ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ጉባኤው ራሱ ጣርማ በርን አቋርጦ ሳሎኔ ገባ።

የመጀመሪያው ዌቢናር ማስታወቂያ «2:00» ይላል። እኔ የኢትዮጵያ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሸሚዝና ኮት ለብሼ፣ ከወገብ በታች በፒጃማ፣ ስልኬ ፊት ተሰየምኩ። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት። ዙም «አስተናጋጁ እስኪያስገባዎት ይጠብቁ» አለኝ። ጠበቅሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ካርዱን ይዞ የሚጠብቀውን በሽተኛ «ሐኪሙ አሁን ይመጣል» ስትል የምሰማት ነርስ ትዝ አለችኝ። ሐኪሙ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን ካርድ የያዝኩትም እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ገባሁ። አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰራችን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይወናጨፋል፣ ድምፅ የለም። እኔም በሙሉ ጉልበቴ «ፕሮፍ፣ ሚዩት ነዎት! ሚዩት ነዎት!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። «ኧረ በስመአብ! ማነው የሞተው?» ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ አንዷን ጫፍ ይዛ ነበር። ማንም እንዳልሞተ፣ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ብቻ እንደዘጉ ሳስረዳት ስክሪኑን አየት አድርጋ፣ «ታዲያ ምን አስጮኸህ፤ ሲናገሩም እኮ አትሰማቸውም ነበር» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ለዙም አንድ ምስጋና አለኝ። ነፃው ዙም ስብሰባን በ40 ደቂቃ ያቋርጣል። እኔ እስከማውቀው የአገራችንን ተናጋሪ በሰዓቱ ያስቆመ ሰብሳቢ እሱ ብቻ ነው።

ሌላም ምስጋና አለኝ፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አምስተርዳም ሊያካሂድ ያቀደውን ጉባኤ ወደ ኢንተርኔት አዛውሮ በነፃ ሲከፍተው ከ100 ሺህ በላይ የሕክምና ሰው ተመዘገበ። ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ። ቪዛ የለም፣ የግብዣ ደብዳቤ የለም፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ የለም። ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብዬ፣ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ዳታ፣ የዓለም የልብ ሐኪሞች አፍ ላይ ዋልኩ። እንደኔ ላለ የክፍለ ሀገር ሐኪም ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ እየቆየ መጣ። ለሙያ ፈቃድ እድሳት የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ (ሲፒዲ) ነጥብ ያስፈልጋል፤ ዌቢናሩ ደግሞ ነጥብ ይሰጣል። አንድ ቀን በስልኬ ስለ ኩላሊት፣ በላፕቶፔ ስለ ቲቢ እየተካፈልኩ፣ ራሴ ሽሮ ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ቢል ዝም። «ዶክተር፣ አሉ?» ብሎ በየስማችን ቢጠራ ዝም። 37 ስም ተደርድሯል፣ ሰው የለም። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ከአንዱ ቤት ዶሮ ጮኸ። በማግሥቱ የሁሉም ሰርተፊኬት በኢሜይል ደረሰ። ከዶሮው በቀር።

ታዲያ አዳራሹ ምን ነበረው? እዚያም ተኝተናል። እኔን ያስተማረኝ ግን አዳራሹ ሳይሆን ሻይ ሰዓቱ ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ክልል ከመጡ ሽማግሌ ሐኪም ጋር አንድ ሳምቡሳ ሳህን ላይ እጃችን ተጋጨ። ጠዋት መድረክ ላይ የደረደሩት ውጤት ሁሉ ያማረ ነበር። እዚህ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዲት የ19 ዓመት ልጅ» አሉኝ፣ «አስም ነው ብዬ ሁለት ዓመት ፓፍ ሳስነፋት ኖርኩ። ለካ ልቧ ነው። የማይትራል በሯ ጠቧል። ደረቷን ስንት ጊዜ አዳምጫለሁ መሰለህ! ግን በጀርባዋ እንደተኛች። በግራ ጎኗ ገልበጥ ማድረግ ሰንፌ!» ሳምቡሳውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

ይሄን መጽሐፉ አያውቀውም ማለቴ አይደለም። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር እንደሚያበላሽ፣ የጠበበው በር ድምፅም በግራ ጎን አስተኝቶ፣ የስቴቶስኮፑን ትንሿን ፊት ቀለል አድርጎ አስነክቶ ሲያዳምጡት እንደሚሻል ተማሪ ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ፤ አልፌበታለሁም። ግን የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ትንፋሽ የሚያጥራትን ወጣት ሁሉ በግራ ጎኗ ማስተኛት ጀመርኩ፤ ነርሶቹ «ዶክተር ምን ነካቸው?» እስኪሉ ድረስ። በሦስተኛው ወር አንዷ ላይ ሰማሁት። ከጦሳ ወዲያ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ይመስላል። ዛሬ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌዋን ልትወጋ ስትመጣ በር ላይ ሰላም ትለኛለች።

ሽማግሌው ይሄን ዙም ላይ ይነግሩኝ ነበር? ስብሰባው ሲጀመር አንዲት የማሽን ሴት በእንግሊዝኛ «እየተቀዳ ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማን ነው ስህተቱን የሚናገር? ከዚያ በኋላ የሁላችንም ታማሚ ይድናል።

ጥፋቱን ግን ስክሪኑ ላይ ብቻ አልደፈድፍም። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም የሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎቻቸው ቀጠሮ ለማግኘት ስምንት ወር ሲጠብቁ አይተው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢኮ የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ (ኢኮ ስል የልቡን አልትራሳውንድ ማለቴ አይደለም)። የገጠር ሐኪሞችን በየሳምንቱ በቪዲዮ ያገናኛሉ፤ እያንዳንዱ የከበደውን በሽተኛ ይዞ ይቀርባል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዲህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ እነዚያ የገጠር ሐኪሞች ካከሟቸው 58.2 በመቶ ዳኑ። ስክሪን ነው፤ ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ይተዋወቃሉ፣ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ሳምቡሳ የሌለው ሻይ ሰዓት በሉት።

ስለዚህ እኔን የሚያማክረኝ ካለ፣ 86ቱን ስላይድ በዙም ይላኩልን፤ ሽሮዬን እያማሰልኩ አያቸዋለሁ። አዲስ አበባ ሲጠሩን ግን ሻይ ብቻ ያፍሉልን። ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ።

እስከዚያው ባለፈው ሰኞ እናቴ ከገበያ ተናዳ ገባች። የግፊቱ ማንገቻ ተበጥሶ ቲማቲሙ መንገድ ላይ ፈሷል።

«ዘንድሮ ስብሰባ የላችሁም እንዴ?»

«አለን እማዬ። ግን በስልክ ሆኗል።»

ትንሽ አሰበች።

«ቦርሳውንስ በምን ይልኩታል?»