ማሲንቆው የት ሄደ?

የሐርቡ ሰው ፍየል ሲገዛ ማንንም አያምንም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ጎኗን ይዳብሳል፣ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየ «ይቺማ ከሲታ ናት» ይላል። ይኸው ሰው የልጅ ልጄ ቤት ውስጥ በላፕቶፑ ያቀናበረውን ዘፈን ሲያሰማው ግን ቡናውን ፉት ብሎ «ማሻአላህ፣ አሪፍ ነው!» ነው። ጥርሱን እንኳ አላየለትም!

ባለፈው የልጅ ልጄ ጎረቤቱን ቡና ላይ ሰብስቦ «አስተያየት ስጡኝ» አለ። አቦሉ ላይ አሪፍ ነው፣ ቶናው ላይ አሪፍ ነው፣ በረካው ላይ ዱዓ ተደረገለት። አንዲት ጎረቤት ብቻ «የምትዘፍንላት ልጅ ስሟ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሁሉም ሳቁባት። ወላሂ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ ያደመጠች እሷ ናት! ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የልጅቱን ስም ይጠራል፤ ከበሮው ውጦት ነው እንጂ።

እኔም «ማሲንቆው የት ሄደ?» አልኩት።

«አባባ፣ በሄድፎን ሲሰማ አለ።»

እሺ፣ ለሠርገኛው ሁሉ ሄድፎን ልናድል ነው? እዚህ አገር ሙዚቃ የሚሰማው ባጃጅ ውስጥ ነው። የባጃጅ ስፒከር ወፍራሙን ቤዝ የማውጣት አቅም የለውም። እሱ ደግሞ ለቤዙ ቦታ ልልቀቅ ብሎ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎታል። ቤዙ አይሰማ፣ ማሲንቆው አይሰማ፤ የቀረው ጭብጨባ ነው። እስከ መናኸሪያው ጭብጨባ! ድምፁንም በአውቶቲውን አቃንቶታል። አምባሰልን ምን አጥፍቶ ነው የሚያቃኑት? ጣዕሙ ጉሮሮ ውስጥ ሲንሸራተት አይደል እንዴ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ያቺ «አዲሱ ይሻላል ወይስ የድሮው?» የምትባል ጥያቄ ናት። የዘፈኑን የድሮ ቅንብርና አዲሱን ቅንብር ያሰማል፤ ሰዉ በአንድ አፍ «አዲሱ!» ይላል። ጠጋ ብዬ ሳደምጥ አዲሱ ከመጮኹ በቀር ለውጥ የለውም። ጆሮ እኮ የጮኸለትን ይወዳል። የሁለቱንም ድምፅ እኩል አድርገህ አሰማቸው ስለው አኮረፈ። አስተያየት ለማኝ፣ ሲሰጡት አኩራፊ!

እኔ ዝም ብዬ አይደለም የምናገረው። ኮምቦልቻ ካሴት እሸጥ ነበር። ደንበኛ ቴፕ ላይ አስከፍቶ ይሰማና ካልጣመው መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ አስተያየት አያሻም። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ሲከፈት ግን መንገደኛው ይቆማል፤ ቃሏ ጥርት ብሎ ይሰማላ። ከዚያ በፊትማ፣ አምሃ እሸቴ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ዘመን፣ ዘፋኙም ባንዱም አብረው ተጫውተው ነበር የሚቀዱት። ከተቀዳ በኋላ ይኼን ከፍ፣ ያን ዝቅ ብሎ ነገር የለም። ሳክስፎኑ ከበዛ፣ ሳይቀዳ በፊት ፊት ለፊት ይነገረዋል። ደግሞ ማን ያኮርፋል? ቴፑ ሊዞር ነው!

ትናንት ዘፈኑን ጅዳ ላለች የአክስቱ ልጅ ላከላት። መልሱ ወዲያው መጣ። እየሮጠ ስልኩን አሳየኝ፤ ሦስት የእሳት ሥዕል ብቻ።

«አየህ አባባ! እሳት ነው አለች!»

«አቃጥለው ማለቷ ነዋ፤ አላህ ይስጣት» አልኩት።