ለጓደኛዬ ነው

አማን ውስጥ ሰልባጅ የሚለብስ ሐበሻ የለም። ይህን የምናገረው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዕረፍት ባገኘሁበት ዓርብ ሁሉ፣ ራስ አል-ዐይን ያለውን የዓርብ ገበያ ተመላልሼበታለሁ፤ እዚያ ያገኘኋቸው የአገሬ ልጆች አንዲትም ሳትቀር ለሌላ ሰው ሊገዙ የመጡ ናቸው። «ለጓደኛዬ ነው» ትላለች፣ እጇ እስከ ብብቷ ካፖርት ክምር ውስጥ ገብቶ። «ግዢልኝ ብላ አስቸግራኝ እኮ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ቦታ የት አውቄ!» እንዲህ ያለ ቦታ የማታውቀው ይህች ልጅ ሻጩን በስሙ ትጠራዋለች።

ጓደኛዋ ግን ምን ያለች ዕድለኛ ናት! ሁላችንም እናውቃታለን፣ አንዳችንም አይተናት አናውቅም። ቁጥሯ አንድ ዓርብ 38፣ በሚቀጥለው 44 ነው። በዓመት አራት ካፖርት ትፈጃለች። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ የገዛሁት ለእሷው ነው።

ገበያውን ለማያውቅ ልንገር። ድሮ አብደሊ ነበር፤ በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የታላቋ አማን ማዘጋጃ ቤት አንስቶ ራስ አል-ዐይን ወሰደው። ሐሙስ ማታ ይጀምርና ዓርብን ይውላል። ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ፣ የልብሱን ተራራ በእግሩ እያገላበጠ፣ «ብሊራ! ብሊራ!» ይላል። ሊራ የሚለው ዲናሩን ነው፤ አንዱ ዲናር ከ1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይበልጣል። ዐረቦቹ ይህን ልብስ «ባላ» ይሉታል። ዮርዳኖሳዊቷ እናት ልጆቿን አስከትላ መጥታ፣ ሹራቡን በልጇ ጀርባ ላይ ለክታ፣ ለሩብ ዲናር አገር ይያዝልኝ ብላ ትጮሃለች። ምስኪን፣ ጓደኛ የላትም መሰለኝ፤ ለራሷ ነው የምትገዛው።

እዚያው ሰፈር የዮርዳኖስ ሙዚየም አለ። ውስጡ የዐይን ጋዛል ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከኖራ የተሠሩ፣ 9,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው። ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞራቸዋል። አሮጌ ነገር እንዲከበር ዘጠኝ ሺህ ዓመት መቆየት አለበት ማለት ነው። ሁለት ክረምት ብቻ የተለበሰ የሱፍ ካፖርት ግን ገና ጥሬ ስለሆነ ያሳፍራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው ያሳደጉን አባቶቻችን የአማንን ጥር አላዩም። በታኅሣሥ 2013 ከተማዋ በበረዶ ስትቀበር እዚህ የነበረ ይመስክር፤ የሰው ወርቅ ላያደምቅ ይችላል፣ የሰው ካፖርት ግን እንዴት አድርጎ ያሞቃል!

ልብሱ የሚመጣበት መንገድ ራሱ ቅኔ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ደግ ሰው ቁም ሣጥኑን አራግፎ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ይሰጥና ነፍሱ ቅልል ይላታል። ሱቁ የሚሸጠውን ሸጦ የተረፈውን ለነጋዴ በኪሎ ያስረክባል። ነጋዴው አስሮ በመርከብ ይጭናል፤ ከዚያ እንደ ዛርቃ ነፃ ቀጣና ባለ ቦታ ይፈታል፣ ይለያል፣ ጥሩው ለገበያ፣ ደህናው እንደገና ታስሮ ወደ ሌላ አገር። በነፃ የተሰጠው ልብስ በየበሩ ሲሸጥ ሲሸጥ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ምጽዋት እንዲህ ያተርፋል ብሎ ማን አሰበ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ዮርዳኖስ ራሷ ልብስ ሰፊ አገር ናት። ከአሜሪካ ጋር ያደረገችው የነፃ ንግድ ስምምነት ከ2001 ጀምሮ ይሠራል፤ ሳሃብና ዱለይል ባሉት ፋብሪካዎች የባንግላዴሽ፣ የስሪላንካና የህንድ ልጆች ለአሜሪካ ሲሰፉ ይውላሉ። ሳሃብ የተሰፋ ሱሪ ባሕር ተሻግሮ፣ ጉልበቱ ሳስቶ፣ የተሰፋበት ከተማ በአንድ ዲናር ሲመለስ አስቡት። እኛም ብንሆን አልቀረንም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ለዓለም ልንሰፋ ነበር። በ2019 ኒውዮርክ ያሉ አጥኚዎች የሠራተኛዋን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብለው ጻፉት። ካልቪን ክላይንን የያዘው ፒቪኤች በ2021 ወጣ፣ በ2022 መባቻ ደግሞ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምንሸጥበት የአጎዋ ዕድላችን ታገደ። ሸሚዞቹ ግን አልከዱንም፤ አንዱን ሐዋሳ ተሰፍቶ አገር ዞሮ ራስ አል-ዐይን ላይ ባገኘው አገላብጬ እስመዋለሁ።

ልብስ ያለ ገበያም ይገኛል። መጀመሪያ በቤት ሠራተኝነት የሠራሁላት ማዳም፣ እግዜር ይስጣት፣ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጆንያ ታስረክበኝ ነበር። «ኹዲ፣ ሐራም ይጣላል» ትላለች፤ ውሰጂ፣ መጣሉ ኃጢአት ነው። እጀታው የተተረተረ ሹራብ፣ ዚፑ እምቢ ያለ ቦት ጫማ፣ አንድ ጊዜም ነጠላ ካልሲ። ነጠላውን ካልሲ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ደመወዝ የዘገየበት ወር ጆንያው ይወፍራል። ሦስት ወር የዘገየ ጊዜ ሁለት ጆንያ ሆነ። እንግዳ ሲመጣም «ይህችን ልጅ እኔ ነኝ የማለብሳት» ይባላል፣ እንግዶቹም ማሻአላህ ይላሉ።

ለካ የአገሩ ደንብ ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ኖሯል። በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ልብስ፣ ምግብና መኝታ አሠሪው የሚያቀርበው ግዴታ ነው ይላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትም አለው። ስለዚህ ጆንያው ዕዳ ኖሯል፣ እኔ እጅ ስነሳ የኖርኩት ለዕዳ ነው። እዚያው አማን የዮርዳኖስ ሀሺማዊ በጎ አድራጎት ድርጅት የልብስ ባንክ አለው፤ ችግረኛው ቤተሰብ ገብቶ እንደ ሱቅ እየዞረ የሚስማማውን ይመርጣል። መምረጥ! እኛ ጆንያ የምንቀበል ሰዎች ይህ ቅንጦት ነው።

ዋናው ሥራችን ግን ከገበያ መልስ ነው። መጀመሪያ ሽታው። የባላ ልብስ ከየትም አገር ይምጣ ሽታው አንድ ነው፤ የመጋዘን፣ የአቧራ፣ የሆነ መድኃኒት። መርካቶ ቦንዳ ሲፈታ የቆመ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ይለየዋል። ስለዚህ አቼቶ ባለው ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ በመጨረሻ በቡኹር ይታጠናል። ያው ቡኹር ደሴ፣ ቤተሰቤ ዘንድ ሲደርስ «አዲስ የዐረብ አገር ልብስ ሽታ» ይባላል።

ቀጥሎ ካርቶኗ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእናቴ፣ ከእውነተኛ ሱቅ ሹራብ ገዝቼ ነበር፤ ዋጋው የተጻፈበትን ካርቶን አልጣልኩትም። 24 ዲናር ከ900 ፊልስ ይላል። ከዚያ ወዲህ የምልከው ልብስ ሁሉ አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ ካርቶኗ በመርፌ ቁልፍ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ፎቶ ተነስቶ በኢሞ ይላካል። ከዚያ ትነቀልና ወደሚቀጥለው ልብስ ትሄዳለች። ሱሪም 24 ከ900፣ የሕፃን ኮፍያም 24 ከ900። እስካሁን ዋጋው ለምን አንድ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ዘመድ የለም።

የወንድሜን ልጅ ካፖርት ግን አልረሳውም። ሰማያዊ፣ ባለ ቆብ፣ በአንድ ዲናር። ቤት ገብቼ ስገለብጠው አንገቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ የሆነች ሩቅ አገር እናት የልጇን ስም በማይለቅ ቀለም ጽፋበታለች። ትምህርት ቤት እንዳይጠፋበት ይሆናል። በሳሙና ፈተግኩት፣ እምቢ አለ። በረኪና አፈሰስኩበት፤ ስሙ ለቀቀ፣ ሰማያዊውም አብሮ ለቀቀ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ነገር ቀረ። ላክሁት። ወንድሜ ደወለ።

«እህቴ፣ አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ሞዴሉ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና «አሃ» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ለልጃቸው ያንኑ ሞዴል እንድልክ ጠየቁ፤ ነጩ ሰፋ ያለ ቢሆን ደስ ይላቸዋል።

እኛ ብቻ አይደለንም ተዋናዮቹ። አገራችን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ስለከለከለች አዲስ አበባም ሰልባጅ የለም። በቶጎ ውጫሌና በጅግጅጋ አድርጎ የሚገባው ቦንዳ ማንም ሳያየው ገብቶ፣ ማንም ሳይገዛው ያልቃል። መርካቶ ሲጋፋ የሚታየው ሕዝብ ያው ለጓደኛው ነው። ሩዋንዳ በ2016 በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ተኩል ቀረጥ ብትጨምርበት፣ አሜሪካ ተቀይማ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ አገደችው። አሮጌ ሱሪ አልፈልግም ማለትም እንዲህ ያስቀጣል። እኛ ብልሆች ነን፤ በወረቀት ከልክለን በሌሊት እንለብሳለን። እኔ የላክሁትንም እህቴ አንዳንዱን ለልዋጭ ሰጥታ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀብላበታለች። «ፋሽኑ አልፎበታል» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ባሕር የተሻገረ ልብስ በሳፋ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ብንስቅ ምንም አይደል። ሳቄ የቆመው ካርቶኗ ማውራት የጀመረች ጊዜ ነው። በአንድ ዲናር ለገዛሁት ካፖርት 25 ዲናር የከፈልኩ ሴት፣ ለቤታችን አጥር ቆርቆሮ እንዴት አጣለሁ? ለአጎቴ ልጅ ሠርግስ? አባቴ በስልክ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ለልብስ ይህን ያህል ከምታወጪ...» ብሎ ተወው። ምን እላለሁ? አንድ ዲናር ነው ብል ስምንት ዓመት የላክሁት ሁሉ በአንድ ቀን ሰልባጅ ይሆናል። ዝም አልኩና ከሰው ተበድሬ ለቆርቆሮው ላክሁ። ያን ካፖርት ከሱቅ ብገዛው ይረክስልኝ ነበር።

ቀጥሎ የእትዬ ትልቋ ልጅ ደወለችልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፓስፖርት አውጥታለች፣ ደላላ አግኝታለች፣ የቀራት እኔን መጠየቅ ብቻ ነው። ስለ ደመወዝ አልጠየቀችኝም፣ ስለ ማዳም አልጠየቀችኝም፣ ስለ ዕረፍት ቀን አልጠየቀችኝም። «እዚያ ሰው በወር ስንት ካፖርት ይገዛል?» አለችኝ። ያቺ መርፌ ቁልፍ የወጋቻት ካርቶን ከደላላው በላይ ሠርታለች፣ ኮሚሽን ግን አልጠየቀችም።

በዚያች ሌሊት ነገርኳት። ራስ አል-ዐይንን፣ «ብሊራ»ን፣ አቼቶውን፣ በረኪናውን፣ ጆንያውን፣ ነጠላዋን ካልሲ ሳይቀር። ብዙ ቆይታ «የምርሽን ነው?» አለች። ፓስፖርቱን ታስቀምጠው አታስቀምጠው ገና አልነገረችኝም። ካርቶኗን ግን ቀድጄ ጥያታለሁ።

አንቺ ለጓደኛሽ የምትገዢው እህቴ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ብትመጪ በማለዳ ነዪ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጥሩ ጥሩው ያልቃል። ካፖርት ያለበት ጠረጴዛ ዘንድ ታገኚኛለሽ። ስታዪኝ ፊትሽን አታዙሪ፣ እኔም አላዞርም። ለማን ነው ካልሽኝ ለራሴ ነው። የግመል ቀለም ያለውን ረጅሙን ካፖርት ግን አትንኪብኝ፣ ሐሙስ ማታ ቀብድ ከፍዬበታለሁ።