መንገድ እንዳይገባብን አደራ

የአዲስ አበባ የሃይኪንግ ቡድኖች እንጦጦን፣ የረርን፣ መናገሻንና ወንጪን ረግጠው ጨርሰዋል። አሁን ዓይናቸው ወደ ሰሜን ተራሮች ነው፤ ለዚያውም በክረምት፣ አገሩ ለምልሞ ለፎቶ በሚመችበት ሰሞን። እኛም በዋግ፣ በተለይ በደሃና፣ ደጃችንን ጠርገን እንጠብቃለን። እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፤ የሚጎድለን የምናቀርበው ብቻ ነው።

ማስታወቂያቸው «ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውሃና ፎቶ አንሺን ያካትታል» ይላል፤ ሥሩ ላይ ዋጋው ተጽፏል። ሰው ለመድከም ይከፍላል ማለት ነው። ደሃና ውስጥ ድካም በነጻ እንደሚታደል የነገራቸው ያለ አልመሰለኝም።

እንዲህ ዓይነቱ እንግዳ መጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም የሚለው ይታወቃል። «እንዴት ያልተነካ አገር ነው! መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ። እንኳንም መንገድ አልገባበት!»

እውነቱን ነው። መንገድ ቢገባ ስንት የሚያምር ነገር በተበላሸ! ምጥ የጠናባትን ሴት አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ሌሎች አራት ለመቀያየር ተከትለው፣ በጭቃ ዳገቱን ሲወጡ የሚታየው ትርኢት በቀረ። በአምቡላንስ ሽው ብላ ብትሄድ ምኑ ይነሣል? ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ወደ አምባ የምትወጣዋ ልጅስ ቧንቧ ቢገባላት ምን ሊውጣት ነው? የእናንተ አሠልጣኝ ስለ አተነፋፈስና ስለ እግር አጣጣል የሚያስተምራችሁን እሷ ጥርሷን ሳትቀይር፣ በኮንጎ ጫማ፣ ጨርሳዋለች። የቀራት ሰርተፍኬትና ቲሸርት ነው።

ክብደት ለመቀነስ ለሚመጡትማ ከእኛ የተሻለ ቦታ አይገኝም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ላጠፋ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ከመላው ኢትዮጵያ መርጦ ሰነዱን በእኛ ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎታል። ለዚህ ክብር የበቃነው አመጋገባችንን ጠብቀን ነው።

ታሪክ ካነሣን፣ በእነዚህ ተራሮች ካለፉት መንገደኞች ሁሉ ስንቁ የተሟላለት ጄኔራል ናፒየር ሳይሆን አይቀርም። በ1860 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ፣ የአሸንጌን ሐይቅ ዳር ይዞ አልፎ፣ ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ መቅደላ ደረሰ። የእኛው ዋግሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ አላገዱትም። ሰውዬው ግን ያልተነካ ተፈጥሮ የሚባለው ነገር አልገባውም ነበር። ገና ከባሕሩ ሳይርቅ ሐዲድ አስዘረጋ፤ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣውን ሸለቆ ድንጋዩን እያስፈለጠ መንገድ አወጣበት። ክረምት ሳይገባ ጥሎት ለሚሄደው አገር! እንግዲህ ወራሪ እንኳ ለራሱ እግር ሲል መንገድ የሚጠርግበትን ተራራ፣ ወገን ለዓይኑ ሲል እንዲሁ ይቆይልኝ ይላል።

ሐይቅ ለሚወድም አናንስም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቆረው ውሃ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣም ይወጣበታል። ግድቡ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማታ በዙሪያው ያለው የገጠር ቤት ግን ብዙው በኩራዝ ነው የሚያመሸው፤ ይህም ለእናንተው ሲባል ነው፤ አምፖል ከበዛ ከዋክብቱ በደንብ አይታዩም።

ባለሥልጣኖቻችንም ያግዟችኋል። በየመድረኩ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፣ ነጩን ማርና የሻደይን በዓል ይጠሩና «እምቅ የቱሪዝም አቅም አለን» ይላሉ። እምቅ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ይኸው ስንት ዘመን እንደታመቀ አለ። ሻደይ ነሐሴ 16 ሲገባ ልጃገረዶቹ ቀጤማውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ መቅረጽ ትችላላችሁ። ድሮን ግን ባታመጡ ደግ ነው። በዚህ ክልል ሰው ድምፁን ሲሰማ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ፈገግ የሚልበት ዘመን አልፏል። (ይህን ያልኩት በሽሙጥ አይደለም።)

መራመድን አልጠላሁም። ተራራ መውጣት ጤና ነው፤ የከተማ ሰው ከቢሮ ወንበር ተላቅቆ አገሩን ቢያይ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ፣ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ በመኪና የሚመለስ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ምርጫ አጥቶ በእግሩ የሚሄደውን ገበሬ «ታድላችሁ!» ብሎት መሄዱ ነው። ታድለን ከሆነ፣ ዕድላችንን ለአንድ ክረምት እንቀያየርና ይታይ።

ስለዚህ ኑ። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደሃና ገጠር ስትዘልቁ እግራችሁ ይነግራችኋል። ባዶ እጃችሁን አትውጡ፤ አንድ ጀሪካን ያዙ፣ ቃሬዛ ከገጠማችሁም አንዱን ጫፍ ተቀበሉ። ከተማ ስትመለሱ ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ማመልከቻ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፉልን፤ መንገዱ ይሠራ። በእግሩ መሄድ የሚወድ ያኔም ዳር ዳሩን ይሂድ፤ የሚከለክለው የለም።