የአመክሮ ሒሳብ

ቡናው እስኪፈላ ይህቺን ላውጋህ። አንድ የሰፈራችን ልጅ በጠብ ሰው መትቶ፣ ዓይን አጥፍቶ፣ 9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ሰፈራችን ደግሞ ለእስር ሒሳብ ማን ብሎት! ፍርዱ በተነበበ ማግስት ጀበና ከቦ «አንድ ሦስተኛው በአመክሮ ይታሰብለታል፤ 6 ነው» ብሎ ዘጋው። ከፍርድ በፊት የታሰረበትም ይቆጠራልና እሱንም አስልተው፣ እናቱ እማማ የሚወጣበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት።

ቀኑ ደረሰ። በግ ታስሯል፣ ጠላው ደርሷል። እማማ አዲስ ጫማ በፌስታል አስይዘው «ሂድልኝ የኔ ልጅ፣ ይዘኸው ና» አሉኝ። የልጁን የእግር ቁጥር የሚያስታውስ ስለጠፋ ጫማው የተገዛው በእኔ እግር ተለክቶ ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላል ያገሬ ሰው፤ ግን እናት ፊት ይኼን ማን ደፍሮ ያወራል?

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ፖሊሱ መዝገቡን አገላበጠና «ወንድሜ፣ ከፍርድ ቤት የመፈቻ ትእዛዝ አልመጣለትም» አለኝ። «6 ዓመት ሞላው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ስንቅ ይዞ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ጫማውንም አየ። ፖሊሱ ሳይቆጣ አስረዳኝ፦ ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ ብቻውን አያስፈታም። ጸባዩ ይታያል፣ ለተበዳዩ አቅሙ የፈቀደውን ካሳ መክፈሉ ወይም መስማማቱ ይጠየቃል፣ የሚፈቅደውም ፍርድ ቤት ነው። ከሰልፉ አንድ አባት ጣልቃ ገብተው «ዕድሜ ልክ ከሆነማ 20 ዓመት ነው። የደርግ ባለሥልጣናት በ1983 ገብተው፣ የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ፣ በ2004 መስከረም የወጡት በአመክሮ አይደል?» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው።

የተሳፈርኩባት ላዳ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ እልልታው ቀለጠ። ፌስታሌን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ከፊት ያሉት ሴቶች ዝም አሉ፤ ከኋላ ያሉት ስላላዩ እልል ማለታቸውን ቀጠሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ፖሊሱ ያለኝን ስነግራቸው እማማ ጫማውን ተቀብለው «ለመሆኑ የዚያን ልጅ ደጅ የረገጠ አለ?» ብለው ጠየቁ። አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ ቀን ስንቆጥር ያ ዓይኑ የጠፋው ልጅ ከእኛ ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ ይኖራል፤ ስሙን ያነሳ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የእስሩ ዘመን ሲሰላ ተበዳዩ ከሒሳቡ መውጣት አልነበረበትም።

እማማ በዚያው ምሽት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽማግሌ አስከትለው ሄዱ። ተበዳዩ ልጅ ካሳ ሲባል «ብሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይቅርታውን በእጁ ይጻፍልኝ» አለ። ተጻፈለት። ካሳውም ተሰብስቦ ተከፈለ፣ ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀረበ፣ የኛም ሰው በአመክሮ ወጣ። ጫማው ጠበበው።

የቀረው ቅጣት ግን አልተሰረዘለትም፤ በፈተና ጊዜው ሌላ ወንጀል ከፈጸመ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ እማማ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከደጅ አያስወጡትም።